ስለ ዝውውር ለጠየቀችኝ ልጅና ለመሰሎቿ

"ጋሼ፣ ዝውውር ለመጠየቅ ስንት ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል?"

ጠያቂዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ደብረ ብርሃን ያደገች፣ በሒሳብ የተመረቀች። አሶሳ የመምህርነት ሥራ አግኝታ ልትሰናበተኝ መጥታ ነው። ገና ትኬት አልቆረጠችም። ዝውውሩን ግን አስባበታለች።

እሷ ፊት ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን ሳቁ አልቆየልኝም። በእሷ ዕድሜ እኔንም ያስጨነቀኝ ይሄው ጥያቄ ነበር። የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ሳላውቅ የዝውውር ቅጽ የት እንደሚሞላ አውቅ ነበር። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ጡረተኛ ጊዜ አለው።

ትውልዴ ድሬዳዋ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከተማዋ ራሷ በ1895 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ በእኛ ሰፈር ሰዓት የሚቆጠረው በባቡር ጩኸት ነበር። ልጆች ሆነን በሙቀት ጊዜ ግቢ ውስጥ አንጥፈን እንተኛለን። ወፍራም ሹራብ የሚገዛው አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቅሁና ምደባው መንዝ ጣለኝ። ለዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዙ 500 ብር ነበር። ያኔ 500 ብር ቤት ያስከራያል፣ ያበላል፣ ለእናት ይላካል። መንዝን ግን በካርታ ነው የፈለግኳት። የተመደብኩባትን ከተማ ስም አልጠራም። ከማወራላችሁ ሰዎች አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ጉዴ የገባኝ ጣርማ በር ላይ ነው። ወደ ደብረ ሲና የሚሄዱት መኪኖች ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ገብተው ወደ ቆላው ይወርዳሉ። የእኛ አውቶቡስ ወደ ግራ ታጠፈና ደጋው ላይ ቀረ። ዙሪያው ጭጋግ ነው። ረዳቱ እያየኝ ቆይቶ "መምህር ነህ አይደል?" አለኝ። በምን እንዳወቀ ጠየቅሁት። "በዚህ ሸሚዝ መንዝ የሚወጣ አዲስ መምህር ብቻ ነው" አለ። አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

የተከራየሁት የድንጋይ ቤት ነበር፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ማገዶው ኩበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በባልዲ ያደረ ውሃ ጠዋት ገጹ በረዶ ሆኖ ይገኛል። አከራዬ፣ እትዬ እላቸው የነበሩት ሴት፣ በመጀመሪያው ሌሊት ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አልብሰውኝ "በል መምህር፣ ይሄን ሳትመልስ ኑር" አሉኝ። ኪራይ እንኳ ገና አልተነጋገርንም። እኔ ግን ወር ሳይሞላኝ ቅጹን ሞላሁ። የምክንያት ቦታው ላይ "የአየር ንብረት አለመስማማት" ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ አንብበው ቀና አሉና "የተስማማው ሰው የትኛው ነው? እኛም ችለነው ነው" አሉኝ። ፈረሙልኝ ግን።

ስለ ብርድ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ህንዳዊ የፊዚክስ መምህር ነበረን። በዚያን ዘመን በየሁለተኛ ደረጃው ህንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ። ኬረላ ከድሬም ይብሳል። ይህ ሰው ጋቢ በጋቢ ደርቦ ክፍል ይገባል፤ እጁና አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው። የራሱን ቅመም በቆርቆሮ ይዞ መጥቶ እትዬን ሽሮ ላይ እንዲጨምሩበት አስለመዳቸው። እሳቸውም ወደዱት። ገበያ ወጥቶ በግ ሲከራከር ተማሪ ተከትሎት ይሄዳል፤ በጉን ለመግዛት ሳይሆን ክርክሩን ለመስማት። አማርኛው ሦስት ዓመት ከኖረ ሰው የማይጠበቅ ነበር። እኔ የአገሬ ልጅ ሆኜ ቅጽ ስሞላ እሱ ስለ በልግ ዝናብ ይጨነቃል። አሁን ሳስበው ያፍር የነበረው እኔን ወክሎ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የ12ኛ ክፍል ሒሳብ የእኔ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከሩቅ ገጠር የመጡ ናቸው። ለሁለት ለሦስት ሆነው ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግር ወደ ቤተሰብ ይሄዱና እሁድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ደረቆት። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ የገብስ ቆሎ ይሸታል። እግራቸው ያበጠ ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲወጡ አንድም ቀን ደክሞኛል ሲሉ አልሰማሁም።

ከእነሱ መሃል አንድ ረጅም ልጅ ነበር። የኋላው መስኮት ጋ ይቀመጣል። ቀመር ስጽፍ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፤ እሱ እጁን ያወጣል። "ይሄ ከየት መጣ?" ነው ጥያቄው ሁልጊዜ። አንዳንዴ ያናድደኛል፤ ጊዜ ይበላብኛል። ማታ ማታ ግን ከጓደኞቹ ጋር እኔ ቤት ይመጣል። በኩራዝ እንሠራለን። እትዬ ቆሎ ያመጡልናል። ኩራዙ ጠርዝ ላይ ሆኖ የልጁ ጥላ ግድግዳውን ይሞላዋል።

ማትሪክ ለእነዚያ ልጆች ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ እናንተ አልደረሳችሁበትም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ቆይቷል። ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የወደቀ ወንድ ልጅ ቀበሌው ስሙን ያውቀዋል። ስለዚህ የሒሳብ ውጤት የሒሳብ ውጤት ብቻ አልነበረም። ይህን እኔም አውቅ ነበር። ማንም አልደበቀኝም።

ዝውውሩ የመጣው ጥር ላይ ነው። የግማሽ ዓመቱን ፈተና አርሜ አልጨረስኩም። ቀኑን ሙሉ ድሬዳዋን እያሰብኩ ፖስታውን ስከፍት ደብረ ብርሃን ይላል። ከብርድ ወደ ብርድ! ቢሆንም መብራት አለ፣ አስፋልት አለ፣ አዲስ አበባ ቅርብ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አይተው "ምትክ እስኪመጣ ብትቆይ መልካም ነበር። ላስገድድህ ግን አልችልም" አሉ። ደብዳቤው ሪፖርት የማደርግበትን ቀን ይጠቅሳል። እሱን ጠቀስኩላቸው። ቀኑ እንዲራዘም አንድ ማመልከቻ ይበቃ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተማሪዎቹ ሳጥኔን ሊሸከሙ መጡ። እኔ አልጠራኋቸውም። ረጅሙ ልጅ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አደረገ። እትዬ በር ላይ ቆመው ባናውን ይዤ እንድሄድ ለመኑኝ፤ ደብረ ብርሃንም ይበርዳል አሉ። መንገድ ላይ ማንም አላወራም። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ልጁ ሳጥኑን አስጫነና "ቲቸር፣ የሳይን ሕግን ጨርሰነዋል ወይስ የቀረ አለ?" አለኝ። ትሪጎኖሜትሪ መሃል ላይ ነበርን። "የቀረ አለ፤ የሚመጣው መምህር ይጨርስላችኋል" አልኩት። "እሺ" አለ። ወቀሳ የለበትም። ማወቅ የፈለገው ከየት ብሎ እንደሚያነብ ነው። እኔ ደግሞ የገጹን ቁጥር እንኳ አልነገርኩትም።

የሚመጣው መምህር በዚያ ዓመት አልመጣም። ህንዳዊው ከፊዚክሱ ጋር ደርቦ የቻለውን ያህል እንዳስተማራቸው ሰማሁ።

ከዓመታት በኋላ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አንድ ሰው በስሜ ጠርቶኝ ዞር አልኩ። ከዚያ ክፍል ነበር። ተቃቀፍን፣ ሻይ ጠጣን። ስለ ክፍሉ ጠየቅሁት። ያለፉትን ቆጠረልኝ፤ ለመቁጠር ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ስለ ረጅሙ ልጅ ስጠይቀው "እሱማ ለውትድርና ሄደ፤ ወደ ሰሜን" አለ። ከዚያስ? አያውቅም። እኔም ወደ መንዝ ሄጄ አላጣራሁም። ጣርማ በር ድረስ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ወደ ግራ አልታጠፍኩም።

የሳይን ሕግን ብጨርስለት ያልፍ ነበር? ላያልፍም ይችላል። ብዙዎቹን የጣላቸው እንግሊዝኛ ነበር፤ ሒሳብ አይደለም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ትክክልም ይመስለኛል። አይጠቅመኝም እንጂ።

አሁን "ስለዚህ ዝውውር አትጠይቁ" የምላችሁ መስሏችሁ ይሆናል። አልልም። ደረቴን ብርዱ ይዞት ነበር፤ ደብረ ብርሃን ባልመጣ ባለቤቴን አላገኛትም፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ የሚቦርቁበት ግቢ አይኖርም። የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ የምትሄዱት ክረምት ላይ ይሁን። በትምህርት ዓመት መሃል ደብዳቤ ከመጣ "እስከ ሰኔ" ብላችሁ ማመልከቻ ጻፉ። አለቃችሁ እምቢ ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው። ሳትጠይቁ ግን አትሂዱ።

ቅጹንም ከተማሪ ፊት አትሙሉ። ልጆች ያውቃሉ። ልቡ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ መምህር ሲያስተምር ድምፁ ይለያል። (ይህን ስል ደግሞ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ማሰብ ያለባችሁ ከመጀመሪያው ዓመት ነው። እንደምንም አስታርቁት።)

ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጓደኛ ምርጫ አልመክርም። እሱን እናቶቻችሁ ጨርሰውታል።

የዛሬ ልጆች ከመሄዳችሁ በፊት ከተማውን በስልክ ታዩታላችሁ፤ አደባባዩን፣ ካፌውን፣ ኔትወርኩን። ሰዉን ግን ስልኩ አያሳይም። ደርሳችሁም በማግስቱ "ይሄ አገር አይኖርበትም" ብላችሁ ትለጥፋላችሁ፤ የአከራያችሁ ልጅ ደግሞ ያንን ያነባል። ምን አስቸኮላችሁ? ቢያንስ መስቀል ይለፍ።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ትንሽ አጋነንኩ። እኛ ደመወዛችን ይበቃን ነበር፤ የእናንተ ከቤት ኪራይ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ አይቻለሁ። እኛ የምንፈራው ብርድ ነበር፤ እናንተ መንገዱን ትፈራላችሁ። የዚያች ልጅ እናት ሻንጣ ስታዘጋጅ ስለ አሶሳ ሙቀት አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው። ምን ብዬ እንደምመልስላት ቸገረኝ። ከሾፌሮች ጠይቂ አልኳት፤ ደርሶ መላሽ የሚያውቀውን ማንም አያውቅም።

ለአንቺ ለአሶሳዋ። በዚያ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ አይቸግርሽም፤ እሱ ግን እንዳያሰንፍሽ። ክፍልሽ ውስጥ ቤታቸው በርታኛ የሚነጋገሩ ልጆች ይኖራሉ። ሰላምታቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪ ያስተምርሽ። አንድ ቀን መምህሯ ተሳስታ ተማሪው ሲያርማት ክፍሉ ይከፈታል። ማንጎውም ጥሩ ነው ይላሉ፤ እናትሽ የሰጠችሽን ሁለት ጋቢ አንዱን ተይው።

ከሌላ ክልል ወደ እኛ ለምትመጡ ደግሞ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በታች አይደለችም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ለጌጥ አይደለም። ከአልጋ በፊት ብርድ ልብስ ግዙ። ቤት ስትከራዩ ግድግዳውን ሳይሆን አከራዩን እዩ። ለቅሶ ሲኖር "ሟቹን አላውቀውም" አትበሉ፤ እዚህ የሚሄዱት ሟቹን ስለሚያውቁት ብቻ አይደለም። የመምህራን ዕድር ካለ በመጀመሪያው ወር ግቡ።

የምትለቁበት ቀን ሲመጣ ደብተር ተዉ። ተራ ደብተር ይበቃል። የትኛው ክፍል የት ገጽ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ምዕራፍ እንደተዘለለና ለምን እንደተዘለለ፣ ማን ከኋላ ተቀምጦ እንደማይሰማ፣ ማን ጎበዝ ሆኖ እንደሚያፍር ጻፉበት። ብዙ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ስሙን ከነአባቱ ጻፉ፤ አዲሱ መምህር ረባሽ እንዳይመስለው። እኔ ከመንዝ በኋላ ክፍል ባስረከብኩ ቁጥር እንዲህ አደርግ ነበር። አንዳንዱ ተተኪ አመሰገነኝ፣ አንዳንዱ ገልጦም አላየው። ለርዕሰ መምህሩ አንድ ቅጂ፣ ለክፍል አለቃው አንድ ቅጂ ስጡ፤ ምትክ ካልመጣ ልጆቹ ራሳቸው ከየት እንደሚቀጥሉ ይወቁ። ስልካችሁንም ሽፋኑ ላይ ጻፉ። ሁለት ሳምንት አልፎ ማንም ካልደወለ እናንተ ደውሉ።