መካከለኛው ምሥራቅን ላጥና ወይስ ልተወው?

«የዓለም አቀፍ ግንኙነት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን አሜሪካ በመካከለኛው ምሥራቅ በምትከተለው ፖሊሲ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ይሄ እንጀራ አይሆንሽም› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አትተዪው፤ ግን አጥብቢው። «መካከለኛው ምሥራቅ» ብለሽ ከተነሳሽ ከኢራን ኒውክሌር እስከ ጋዛ፣ ከሶሪያ እስከ የመን ሁሉንም ነካክተሽ አንዱንም ሳትጨብጪ ትመረቂያለሽ። ቀጣሪ ሁሉን የሚያወራ ሰው አላጣም። የሚቸግረው አንድ ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው።

እኔ ብሆን ቀይ ባሕርን እመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በኢራን የሚደገፉት የየመን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎች፣ ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የጭነት መርከብ ያዙ። በወሩ ዋሽንግተን መርከቦችን የሚጠብቅ ጥምረት ማቋቋሟን አስታወቀች። ከዓረብ አገሮች በይፋ የገባችው ባሕሬን ብቻ ነበረች። በቀይ ባሕር ላይ ረጅም ዳርቻ ያላት ሳዑዲ የለችበትም። ከስዊዝ ቦይ ብዙ ገቢ የምታገኘው ግብፅም እንዲሁ።

ለምን? ጽሑፍሽ እዚህ ጋ ይጀምር። ሳዑዲ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመን ውስጥ ሁቲዎችን ስትዋጋ ከርማለች። ከ2022ቱ የተኩስ ማቆም በኋላ ከሁቲዎች ጋር እየተነጋገረች መውጫ ትፈልግ ነበር። በማርች 2023 ደግሞ ቤጂንግ ላይ ከኢራን ጋር ታርቃለች። ጋዛ እየተደበደበች ከአሜሪካ ጎን ተሰልፎ መታየትም ለአንድ የዓረብ መንግሥት ከባድ ነው። ባሕሬን የአሜሪካ አምስተኛው የጦር መርከቦች ጓድ መቀመጫ ናት፤ የእሷ ስሌት ሌላ ነው። አሜሪካ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመንን ደጋግማ ደበደበች። በሜይ 2025 አሜሪካንና ሁቲዎችን ያስማማችው ግን ኦማን ናት። ያን ሁሉ የጦር መርከብ የያዘ አገር የቅርብ ወዳጆቹን ማሰለፍ ለምን አቃተው? ይሄ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው።

አሁን ካርታ አውጪ። የጅቡቲ ወደብ ከባብ ኤል መንደብ፣ ማለትም ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ጠባብ በር፣ በስተደቡብ ነው ያለው። ስለዚህ ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣልን ዕቃ በጠባቡ በር አያልፍም። ከአውሮፓ የሚመጣውና ከጥቁር ባሕር የሚጫነው ስንዴ ግን አጭሩ መንገዱ በዚያ ነው። መንገዱ ሲፈራ መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ይመጣል፤ ኢንሹራንሱም ይንራል። ይህንን በአንድ ገጽ አጣርቶ የሚጽፍ ተመራቂ አስመጪ ድርጅት፣ የሎጂስቲክስ መሥሪያ ቤትና ባንክም ይፈልገዋል። በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ስለሚሻገሩት ልጆቻችን የሚሠሩ የስደት ድርጅቶችም እንዲሁ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ብቻ ነው ቀጣሪዬ ብለሽ አትቁጠሪ። እዚያ ወረፋው ረጅም ነው።

አረብኛ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ሪያድና ሰንዓ ምን እንዳሉ የሚሰማው ሌላ ሰው መርጦ ሲተረጉምለት ነው። ዜና መረዳት እስክትችዪ ድረስ እንኳ ብትዘልቂ ከክፍል ጓደኞችሽ ትለያለሽ።

በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጻፊ፦ ምን ተፈጠረ፣ ማን ምን ይፈልጋል፣ ለእኛ ምን ያመጣል። «ይመስለኛል» ያልሽውን ከምታውቂው ለይተሽ አስቀምጪ። ሲቪ ስትልኪ ከእነዚህ የተሻሉትን ሦስቱን አያይዢ። የመጀመሪያውን ባሕሬን ለምን እንደገባች፣ ሳዑዲ ለምን እንደቀረች ጻፊና ለአማካሪሽ ውሰጂው።