ቅዳሴውን በስልኬ እየተከታተልኩ ቤቴ ብሆን ምን ይጎድልብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዲያስፖራ ሰፈር ተከራይቼ ነው። ሥራዬ በኮምፒውተር ስለሆነ ቤት ውስጥ ነው የምውለው። ምግብ በስልክ አዝዤ በባጃጅ ያመጡልኛል። የቤት ኪራይና መብራት በቴሌብር እከፍላለሁ፣ አሥራቴንም በዚያው እልካለሁ። እሑድ ቅዳሴውን በዩቲዩብ በቀጥታ እከታተላለሁ፣ ስብከት በቴሌግራም አዳምጣለሁ። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን እሄድ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን ብዙ ትምህርት እሰማለሁ። ግን ደጁን ከረገጥኩ ወራት አልፈዋል። እናቴ በደወለች ቁጥር "ልጄ፣ ከሰው ራቅህ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "መነኮሳቱስ ብቻቸውን አይደል የሚኖሩት?" እላታለሁ። ኃጢአት አለብኝ? ንስሐ አባቴንስ በስልክ ባናግራቸው አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልኩ ኃጢአት የለበትም፤ መጀመሪያ ይህን እንያዝ። አሥራትህን በቴሌብር መላክህም ችግር የለውም። ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን እስከገባ ድረስ በእጅ ቢሰጥም በስልክ ቢላክም አሥራት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ምእመናን ቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነግሮ ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ስቅለትን ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን እያየ ነው የሰገደው፤ ማንም አልነቀፈውም። ከዚያ በኋላም ከተማችን ብዙ አይታለች። መንገድ የተዘጋበት፣ ተኩስ የተሰማበት፣ ሰው ከበሩ መውጣት የፈራበት ቀን ነበር። እንደዚያ ባለ ቀን ቤት መዋል ማስተዋል ነው። አልጋ ላይ ላለ ሕመምተኛ፣ ጉልበታቸው ለከዳቸው አረጋውያን ደግሞ ይህ የቀጥታ ስርጭት ትልቅ በረከት ነው፤ እግዚአብሔር ያዘጋጁትን ይባርክ።

እኔ የምጠይቅህ መንገዱ ክፍት ስለሆነበት እሑድ ነው። አንተ ጤነኛ ነህ፣ ባጃጁም በር ላይ ይቆማል። የቀረኸው ማንም ከልክሎህ አይደለም፤ መውጣት ስላላስፈለገህ ነው። ምግቡ መጣ፣ ደመወዙ ገባ፣ ስብከቱ ተሰማ፣ ምን ቀረ? ይህ "ምን ቀረ" የሚለው ነገር ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ከቅዳሴው ልጀምር። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ሥራ አለው። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ይቆማሉ፣ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። እነሱ ግን ብቻቸውን አይጨርሱትም፤ የሕዝቡ ተሰጥዎ አለ። ዲያቆኑ "ተንሥኡ ለጸሎት" ሲል "እግዚኦ ተሠሃለነ" የምንለው እኛ ነን። ካህኑ "ሰላም ለኵልክሙ" ሲል "ምስለ መንፈስከ" ብለን የምንመልሰውም እኛው ነን። አንተ አልጋህ ላይ ጋደም ብለህ፣ ሻይህ አጠገብህ ሆኖ፣ መሐል ላይ መልእክት ሲገባ እሱን አይተህ ስትመለስ፣ "እለ ትነብሩ ተንሥኡ" ይባላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። ማን ይነሣል? ይህን የምለው ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። አካሉ እቤት ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ነው የሚያስቀድሰው።

ከዚያ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ይላል፤ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ። ይህችን ቅጽበት እስቲ አስታውሳት። ነጠላው ይንኮሻኮሻል፣ ሰው ሁሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞረ እጅ ይነሣል። አጠገብህ መቋሚያ ተደግፈው የቆሙት አዛውንት ስምህን አያውቁም፤ ግን ጎንበስ ይሉልሃል፣ አንተም ጎንበስ ትላለህ። በሌላ በኩል የቆመው ደግሞ ባለፈው ሳምንት በኪራይ የተጣላኸው ሰው ሊሆን ይችላል። ለእሱም እጅ መንሣት አለብህ፤ ካልቻልህም ያን ጊዜ ልብህ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቀዋለህ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው (ማቴ. 5፥24) እዚህ ላይ በተግባር ይፈተናል። ቤትህ ተቀምጠህ ግን የምትጣላውም የምትታረቀውም ሰው የለም። ሰላም ይመስላል፣ ነገር ግን ያልተፈተነ ሰላም ነው።

ስለ ቁርባኑ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ሥጋ ወደሙ በስልክ አይመጣም። "ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው" (ዮሐ. 6፥54) የተባለው ለሚመለከት አይደለም። 18 ሰዓት ጾመህ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ቆመህ፣ ቀርበህ ነው የምትቀበለው። ብዙ ትምህርት መስማትህ ደስ ይላል፤ ግን ትምህርቱ ራሱ ወደዚያ ሊያደርስህ ነው የሚሰበከው። ለወራት ስብከት ሰምቶ ያልቀረበ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ የቀረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል፤ ወንጌሉን ታውቀዋለህ። ያ ሰው 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያይቱ አጠገብ ተኝቷል። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" ሲለው ስለ በሽታው አላወራም፣ ውኃውም ሩቅ ነው አላለም። ያለው "ሰው የለኝም" ነው (ዮሐ. 5፥7)። ውኃው ዓይኑ ሥር ነበር፤ የሚያስገባው ሰው ግን አልነበረውም። አንተ ዛሬ ሁሉም ነገር በርህ ድረስ ይመጣልሃል። ግን ማክሰኞ ሌሊት ትኩሳት ቢጥልህ እስከ ሐሙስ ድረስ ማን ያውቃል? ባጃጁ ያዘዝከውን ያመጣል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ካላዘዝክ ደግሞ አይመጣም፤ ለምን አላዘዘም ብሎ የሚጠይቅም የለም። ዩቲዩቡም ያው ነው። አንተ አንድ እሑድ ብትቀር ስርጭቱ አንድ ተመልካች ጎደለበት እንጂ ማንም አንተን አልፈለገህም።

ሰንበቴ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ እዚያች ዳቦና ጠላ የሚቀርብባት ቤት ግባ፣ ጥግ ይዘህ ተቀመጥ። ሁለት ሳምንት ተከታትለህ ሄደህ ሦስተኛውን ብትቀር፣ በአራተኛው አንዲት እማሆይ "አንተ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ የት ነበርክ?" ይሉሃል። መጀመሪያ ሊያናድድህ ይችላል፤ ምን አገባቸው ትላለህ። ለእኔ ግን ይህ ጥያቄ ራሱ አገልግሎት ነው። የጽዋ ማኅበርም እንደዚያው ነው። ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ አባላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ የቀረ ካለ ያስጠይቃል፣ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ሰውም አብሮ ይዞራል። የእድሩንም ነገር ልጨምር። ተከራይ ነኝ ብለህ አልተመዘገብህ ይሆናል፤ ተመዝገብ። ለቅሶ ቤት ሄደህ ድንኳን ስትተክል፣ አግዳሚ ስታመጣ ነው ሰፈሩ የሚያውቅህ።

የደንገል ታንኳ ሲታሰር ሐይቁ ዳር አይተህ ታውቅ ይሆናል። አንድ የደንገል ዘንግ ብቻውን ይንሳፈፋል፣ አይሰጥምም፤ ግን ማንንም አያሻግርም። ከሌላው ጋር ሲታሰር ነው ከዘጌ እንጨትም ሰውም ጭኖ የሚመጣው። አንተ አሁን እየተንሳፈፍክ ነው። ወንድምህ ሲወድቅ የምትይዘው በየት በኩል ነው? አንተ ስትወድቅስ? መክብብ "አንዱ ብቻውን ሆኖ በወደቀ ጊዜ ግን የሚያነሣው ሁለተኛ የለውምና ወዮለት" ይላል (መክ. 4፥10)።

በዚህ ላይ ይህን የምትደገፍበትን ነገር አጥተነው እናውቃለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን አንተም አትረሳውም። ያን ጊዜ ስብከቱም፣ የቀጥታ ስርጭቱም፣ ቻናሉም አንድ ላይ ጠፋ። ደወሉ ግን ይደወል ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይሄድ ነበር፤ ሰንበቴውም ባይሞላም ይሰበሰብ ነበር። እምነቱን በሙሉ ስልኩ ላይ የጫነ ሰው ግን በዚያ ወቅት የጸሎት ሰዓቱ እንኳ እንደጠፋበት ብዙዎች ነግረውኛል።

ስለ መነኮሳቱ ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ወጣት ያነሣዋል። ግን መነኮሳቱን ከሩቅ ስላየሃቸው ነው። የባሕታውያን አባት የምንለው ቅዱስ እንጦንስ "ሂድና ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ" የሚለውን ቃል የሰማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወንጌል ሲነበብ ቆሞ ነው። ወደ በረሃ የሄደው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ቅዱስ ጳኩሚስ ደግሞ መነኮሳትን በማኅበር ሰብስቦ ሥርዓት ሠራላቸው። በአንድነት ገዳም ማዕዱ የጋራ ነው፣ ጸሎቱ በደወል ነው፣ ሥራው በትእዛዝ ነው። አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ይፈጫል፣ አንዱ እንግዳ ይቀበላል። ሁሉም በአበምኔቱ ሥር ነው፤ ደስ ስላለው ብቻ ከበኣቱ የማይወጣ የለም። ባሕታዊ ልሁን የሚል መነኩሴም መጀመሪያ በማኅበር ኖሮ፣ ተፈትኖ፣ በአባቶች ፈቃድ ነው የሚሄደው። ከሁሉ በላይ እነሱ ምግብ፣ እንቅልፍና ምቾት ትተው ነው የተለዩት። አንተ የተለየኸው ግን ምቾቱ እዚሁ ስላለ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገህ ለእናትህ አትንገራት፤ አትታለልም።

ባይሆን አንድ ቅዳሜ በጀልባ ክብራን ገብርኤል ወይም ደብረ ማርያም ተሻገር። አባቶችን ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው። አንድ ወንድም ከማኅበር ጸሎት ሲቀር ምን እንደሚደረግ እነሱ ይንገሩህ።

ንስሐን በተመለከተ፦ ንስሐ አባትህን በስልክ አማክራቸው፣ ጠይቃቸው፣ ሲጨንቅህ ደውልላቸው። ኑዛዜው ግን ፊት ለፊት ነው። ተንበርክከህ ትናገራለህ፣ እሳቸው ቀኖና ይሰጡሃል፣ በመስቀላቸው ባርከው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉሃል። ስልክ ላይ ከብዶህ የምትዘልለው ነገር አለ፤ ካህኑም ፊትህን ስለማያዩ አያውቁብህም። ሐዋርያው ዮሐንስ እንኳ በዘመኑ በነበረው መሣሪያ፣ በደብዳቤ፣ እየጻፈ ሳለ "በወረቀትና በቀለም ልጽፈው አልወድም… አፍ ለአፍም ልናገራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ" ብሏል፤ ምክንያቱንም "ደስታችሁ ፍጹም እንዲሆን" ይለዋል (2ኛ ዮሐ. 12)። ደብዳቤውን አልናቀውም፣ ልኮታል። ግን በእሱ አልተወሰነም።

አሥራቱ ላይም አንድ ነገር። በቴሌብር ላከው፤ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡትን ነዳያን ቴሌብር አያሳይህም። ወደ ውስጥ ስትገባ እጃቸውን የሚዘረጉትን ፊት ለፊት ስታይ ነው "ለእኔስ ተርፎኛል" የምትለው። ለአብነት ተማሪዎችም እንዲሁ፤ አኩፋዳውን አንግቶ በር ላይ "ስለ ማርያም" የሚለው ልጅ አንተ በር ላይ አይመጣም፣ ግቢው ሁልጊዜ ዝግ ነውና።

አሁን ምን ላድርግ ካልከኝ፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አልጭንብህም። ብዙ ቤት የዋለ ሰው ሕዝብ መሐል ሲቆም ይጨንቀዋል፤ ልቡ ይመታል፣ ቶሎ ልውጣ ይላል። የእምነት ማነስ አይደለም፣ ልምድ ነው፣ ይለቃል። ስለዚህ በሥራ ቀን ጠዋት ለኪዳን ጸሎት ሂድ፤ አጭር ነው፣ ሰውም አይበዛም። ሐይቁ ዳር ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ በየወሩ በ23 ይታሰባል፤ ከቻልክ ወደዚያ በእግርህ ሂድ፣ ባጃጅ አትያዝ። ጾም ሲገባ ደግሞ በሥራ ቀን ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚዞር ሥራህ በኮምፒውተር መሆኑ ለአንተ ያመቻል፤ ሰዓትህን ራስህ ታስተካክለዋለህ። ከዚያ እሑድን ጨምር። ዲያቆኑ "እትዉ በሰላም" እንዳለ ሮጠህ አትውጣ፤ ሰንበቴ ግባ።

ትንሽ ከተላመድክ በኋላ ደግሞ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሂድ። ከገጠር መጥተው ከተማው ውስጥ አንድም ጠያቂ የሌላቸው ሕመምተኞች አሉ። ብርቱካን ይዘህ ግባ፣ እግዚአብሔር ይማርህ በል፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀው፣ አስታማሚው እንጀራ በልቶ እንደሆነ ጠይቅ። "ታምሜ ጠይቃችሁኛልና" (ማቴ. 25፥36) ያለውን ከዚያ ሌላ የትም አታገኘውም፣ በስልክ ደግሞ በፍጹም።

ኃጢአት አለብኝ ወይ ላልከው፣ ይህን በጽሑፍ ልፈርድልህ አልችልም፤ አንተንም ቤትህንም አላውቅም። ለንስሐ አባትህ ዛሬውኑ ደውል፣ ግን ለቀጠሮ ብቻ፤ ጥያቄውን ሄደህ ፊት ለፊት ጠይቃቸው። ለእናትህም የቀጠሮውን ቀን ንገራት። የትኛው ደብር እንደሚቀርብህ ጻፍልኝ፤ እዚያ የማውቀው ሰንበቴ ካለ ከሙሴው ጋር አገናኝሃለሁ።