የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ኮይልና ቦርድ ላይ ስለሚፈስ ሬዚን

ጥያቄ፦ ለኢንቨርተር የሚሆኑ ትራንስፎርመሮችን በፌራይት ኮር (ሽቦ በሚጠመጠምበት ማግኔታዊ የሴራሚክ እምብርት) ላይ እጠመጥማለሁ። እርጥበትና ንዝረት እንዳያገኛቸው ሳጥን ውስጥ አስገብቼ በጠንካራ ኢፖክሲ እሞላቸዋለሁ። ሲደርቁ ኢንዳክታንሳቸው (የጥምጥሙ በማግኔት መልክ ኃይል የመያዝ አቅም) ቀንሶ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዱ ኮርም ይሰነጠቃል። ማርኩን ብቀያይርም ለውጥ የለም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ችግሩ ማርኩ ሳይሆን የኢፖክሲው ግትርነት ነው። ኢፖክሲ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ከጠነከረ በኋላ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ተራ ኢፖክሲ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲቀንስ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል፤ ያው ርዝመት ያለው ፌራይት ግን 0.1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚሸከመው ኮሩ ነው። የማንጋኒዝ ዚንክ ፌራይት ሲጨመቅ ደግሞ ፐርሚያቢሊቲው (ማግኔታዊ መስክን የማሳለፍ አቅሙ) ይወርዳል፤ ጭመቱ ከበዛ ይሰነጠቃል።

ሌላም መንስኤ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀጭን ሬዚን (ኢፖክሲን የመሰለ፣ ፈስሶ የሚጠነክር ፈሳሽ) በሁለቱ የኮር ግማሾች መገጣጠሚያ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ክፍተት ይፈጥራል። ኢንዳክታንሱን ለማውረድ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይበቃል። ስለዚህ ግማሾቹን አጥብቀው ያስሩ፣ መገጣጠሚያውን ሙቀት በሚችል ቴፕ ይሸፍኑ፣ ኢንዳክታንሱን ከመሙላትዎ በፊትና በኋላ ይለኩ።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የምንመርጠው ለስላሳ ፖሊዩረቴን ነው፤ በሾር ኤ (የለስላሳ ቁሶች ጥንካሬ) መለኪያ ከ40 እስከ 60 ያለው ይበቃል። ኮሩን ሳይጨምቅ አብሮት ይንቀሳቀሳል። አብዛኛው ፖሊዩረቴን ግን ከ120 እስከ 130 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ትራንስፎርመርዎ ከዚያ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ወደ ሲሊኮን ይሂዱ። የግድ ኢፖክሲ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኮሩን 1 ሚሊሜትር በሚሆን ለስላሳ ሲሊኮን ይሸፍኑትና ኢፖክሲውን ከዚያ በላይ ያፍስሱ።

ፖሊዩረቴን ትልቁ ጠላቱ ውሃ ነው። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ስለሆነ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሬዚኑም እንደ ዳቦ ይነፋል። ጥምጥሙን በ100 ዲግሪ 2 ሰዓት ያድርቁ፣ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ይቀዝቅዝ፣ ወዲያው ይሙሉ። ጣሳውንም ክፍት አይተዉ። ጭሱ አስም ያስከትላልና ነፋስ ያለበት ቦታ፣ ናይትሪል ጓንት ለብሰው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ኢፖክሲው ቶሎ እንዲደርቅልኝ ማጠንከሪያውን ባበዛስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሆንም። የፋይበርግላስ ፖሊስተር ማጠንከሪያ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚጨመር ማስጀመሪያ ስለሆነ መጠነኛ መቀነስና መጨመር ይቻላል። የኢፖክሲው ግን ራሱ ከሬዚኑ ጋር የሚዋሃድ አካል ነው፤ የተረፈው ሳይዋሃድ ይቀራል፣ ላዩ ይጣበቃል፣ እርጥበት ይስባል። እንዲፈጥን ከፈለጉ ከመነሻው ፈጣን ማጠንከሪያ ይግዙ ወይም ሻጋታውን እስከ 50 ዲግሪ ያሙቁ።

ሳይደርቅ የቀረና የሚለጥፍ ኢፖክሲ ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚስቱት ልኬቱን ነው። በክብደት የተጻፈን ሬሾ በሲሪንጅ ይለኩታል። የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ሬዚን አንድ ሚሊሊትሩ 1.6 ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ማጠንከሪያው 1 ግራም ገደማ ነው። በክብደት 100 ለ20 የሚለውን በሚሊሊትር ቢወስዱት በእርግጥ ያገኙት 160 ግራም ለ20 ግራም፣ ማለትም 100 ለ12.5 ነው። 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይጠቀሙ። ዱቄቱም ጣሳው ሥር ስለሚዘቅጥ ከመመዘንዎ በፊት እስከ ታች ያማስሉ።

በአንድ ጊዜ ብዙ ማፍሰስም ይጎዳል። 300 ግራም ፈጣን ኢፖክሲ ኩባያ ውስጥ ሊጨስ ይችላል። ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ውፍረት እያፈሰሱ፣ የቀድሞው ሲረጋ ቀጣዩን ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ከሬዚን አረፋ የማወጣበት የቫኩም ፓምፔ ጌጅ ከ0.77 ባር አያልፍም። ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ጌጁ የሚያነበው ከውጭ አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ወደ 0.77 ባር ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የሚወጣ አየር የለም። ድሬዳዋ ቢሆኑ ጌጁ እስከ 0.88 ገደማ ይደርስ ነበር። ሬዚኑ ቫኩም ውስጥ 3 ወይም 4 እጥፍ ስለሚያብጥ ዕቃውን ከሩቡ በላይ አይሙሉት። አረፋው ወጥቶ ከወደቀ በኋላ 2 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከዚያ ከአንድ ጥግ ብቻ በቀጭን ያፍስሱ።

ጥያቄ፦ የኤልኢዲ ድራይቨር ቦርድ ለመሸፈን የመስኮት ሲሊኮን ይሆናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የኮምጣጤ ሽታ ካለው አይሆንም፤ አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ መዳቡን ያበላሻል። ሽታ የሌለው ኒውትራል ዓይነት ይሻላል፣ ነገር ግን ከላይ ወደ ውስጥ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚደርቅ ወፍራም መሙያ አይሆንም፤ ለዚያ ባለ ሁለት ክፍሉን ይግዙ። በፕላቲነም የሚጠነክረውን ከመረጡ ሰልፈር፣ ቆርቆሮ ያለባቸው ኬሚካሎችና አሚን እንዳይደርቅ ያደርጉታል፤ የላቴክስ ጓንት መንካቱ ብቻ እንኳ እንዳይደርቅ ሊያደርገው ይችላል። ቦርዱን ከፍላክስ (ከብየዳ ማገዣ ኬሚካል) በደንብ ይጠቡ፣ መጀመሪያም ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ካለ አናቱ ላይ ያለውን የግፊት መልቀቂያ ክፍት ይተዉ።