መልስ፦ ሰላጣችንን ደላላ በርካሽ እየወሰደብን ነው

እህቴ፣ ሰባት ሆናችሁ ኮምቦልቻ ላይ ያለማችሁትን ሰላጣና ጥቅል ጎመን ደላላው በፈለገው ዋጋ እየወሰደ ነው ብለሻል። ችግሩ ሁሉንም በአንድ ቀን መትከላችሁ ነው። ሰላጣ ደግሞ አይጠብቅም፣ አንዴ ከደረሰ ለመጣው ሰው መስጠት ነው።

መደቡን አራት ቦታ ክፈሉትና በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ትከሉ። ሰላጣ ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅ የመጨረሻው መደብ ሲተከል የመጀመሪያው ለመቆረጥ ይቃረባል። ያኔ ምግብ ቤቶቹንና የትምህርት ቤት ምገባ የሚያበስሉትን እናቶች ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ በቋሚ ቀንና በቋሚ ዋጋ ተስማሙ። ረቡዕና አርብ በያይነቱ ስለሚበዛ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ብታደርሱ ይሻላል። ጥቅል ጎመኑ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ግን ትንሽ ቀን ይታገሳል። ደሴም እኮ ቅርብ ናት።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ውሃው። ከፋብሪካዎቹ በታች ከቦርከና ወንዝ ቀድታችሁ እንዳታጠጡ። ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር የሚመጣው ከባድ ብረት፣ ማለትም እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ማዕድን፣ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ ማጠብም መቀቀልም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። እኛ ሳናውቅ ከእንዲህ ያለ ወንዝ አጠጥተን ነበር፣ ወሬው ሲሰማ ደንበኛ በሙሉ ጥሎን ሄደ፣ ከዚያ በላይ ግን ለልጆቻችንም ያንኑ ማብላታችን እስካሁን ያንገበግበኛል። የጉድጓድ ወይም የጣራ ውሃ ፈልጉ።