አንባቢ ይጠይቃል፦ ከሁለቱም ፓርቲ ተስፋ የቆረጠ መራጭ ምን ያድርግ?

በዚህ እትም የመለስናቸው አምስት ጥያቄዎች በሙሉ አሜሪካ ካሉ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕግ ይለወጣልና የግል ጉዳይ ያለዎት ከመወሰንዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ዴሞክራት፣ አንድ ጊዜ ሪፐብሊካን መርጫለሁ። ሁለቱም አንድ ሆኑብኝ። በሚቀጥለው ለሦስተኛ ፓርቲ ልሰጥ ነው ስላቸው ጓደኞቼ «ድምፅህን ውኃ በላው» ይሉኛል። እውነት ነው? (የታክሲ ሹፌር፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ግማሽ ያህል እውነት አላቸው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በየዓመቱ ሲጠይቅ «ገለልተኛ ነኝ» የሚለው አሜሪካዊ ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል፤ ዴሞክራት ነኝ ከሚለውም ሪፐብሊካን ነኝ ከሚለውም ይበዛል። ይህ ሁሉ ሰው ሦስተኛ ፓርቲ ማቆም ያቃተው በቆጠራው ደንብ ምክንያት ነው። በአንድ ወረዳ አንድ ወንበር ብቻ ካለና ወንበሩን ከሌሎቹ ብልጫ ያገኘው ከወሰደ፣ በአገር ደረጃ 20 በመቶ ያገኘ ፓርቲ በየወረዳው ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። መራጩም ይህን ያውቃል፤ የሚወደውን ትቶ የሚፈራውን ያሸንፍልኛል ላለው ይሰጣል። ለተወካዮች ምክር ቤት በየወረዳው አንድ ሰው ብቻ እንዲመረጥ ያስገደደው ኮንግረስ በ1967 ያወጣው ሕግ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል፤ በዚያው ደንብ ተመርጠው የገቡት ሰዎች ግን ለዚህ አይቸኩሉም።

በፕሬዚዳንት ምርጫ ነገሩ ይብሳል። ከሜይንና ከኔብራስካ በቀር ሁሉም ክፍለ ግዛቶችና ዲሲ ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚወስነውን ኤሌክቶራል ድምፃቸውን ጠቅልለው ለአንደኛው ይሰጣሉ። በግል የተወዳደረው ሮስ ፔሮ በ1992 ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ ከ538ቱ አንድም አልደረሰውም። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ቡሽ ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ሲሆን፣ የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩ የነበረው ራልፍ ኔደር እዚያው ከ97,000 በላይ አግኝቶ ነበር። የጓደኞችዎ ፍርሃት የመጣው ከዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። በቨርጂኒያ አንድ ፓርቲ ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቶ ያለ ፊርማ ዕጩ ለማቅረብ፣ በክፍለ ግዛት አቀፍ ምርጫ 10 በመቶ ማግኘት አለበት። በ2013 የሊበርቴሪያኑ ዕጩ ለገዥነት ተወዳድሮ 6.5 በመቶ አገኘ፤ ለሦስተኛ ፓርቲ ትልቅ ውጤት ነው፣ ግን አልበቃም። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ መስፈርቱ 1 በመቶ ነው። ስለዚህ ለሦስተኛ ፓርቲ የሚሰጥ ድምፅ ሜሪላንድ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ያስገኛል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ከመልእክት ብዙም አያልፍም።

ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያዋጣው ዝቅ ብሎ መጀመር ነው። በግል ለገዥነት ለመወዳደር 10,000 ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ የኮንግረስ ወረዳም ቢያንስ 400። ለክፍለ ግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት ግን 125 ፊርማ ይበቃል። ፊርማ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በተራ ስሕተት ነው፦ ፈራሚው በዚያ ወረዳ አልተመዘገበም፣ ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላስተካከለም፣ ወይም ፊርማ ሰብሳቢው ቅጹን በኖተሪ ፊት አልፈረመም። ከሚፈለገው አንድ ተኩል እጥፍ ሰብስቡ።

ደንቡን ራሱን መቀየርም ይቻላል። የቨርጂኒያ ሕግ የካውንቲ ቦርዶችና የከተማ ምክር ቤቶች ለራሳቸው ምርጫ «በደረጃ መምረጥ» የሚባለውን ስልት እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ ጎረቤትዎ አርሊንግተን በጁን 2023 ፕራይመሪ (ፓርቲ ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ) ሞክሮታል። ሜይንና አላስካ በክፍለ ግዛት ደረጃ ይጠቀሙበታል፤ የዲሲ መራጮችም በኖቬምበር 2024 በትልቅ ብልጫ አጽድቀውታል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 ብለው በምርጫዎ ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ሀ 42፣ ለ 38፣ ሐ 20 በመቶ አገኙ እንበል። ማንም ከግማሽ ስላላለፈ መጨረሻ የወጣው ሐ ይሰረዝና ድምፁ እንደየመራጩ ሁለተኛ ምርጫ ይከፋፈላል። 15ቱ ወደ «ለ»፣ 5ቱ ወደ «ሀ» ቢሄዱ፣ «ለ» በ53 ያሸንፋል። ሐን የመረጠ ሰው ማንንም አላበላሸም። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ዕጩ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጥ፣ ወይም አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን ባዶ ሲተው ነው፤ ያ አንዱ ከተሰረዘ ወረቀቱ ከቆጠራ ይወጣል። አሌክሳንድሪያም እንዲጀምር ከፈለጉ የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ስብሰባ ላይ ተመዝግበው ይናገሩ። የምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነኝ። ፓርቲ ስለማልወድ ስመዘገብ የየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም አልኩ። በፕራይመሪው ቀን የትምህርት ቦርድ ብቻ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። አድልዎ አይደለም? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሕጉ ነው። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ኔቫዳ ፕራይመሪያቸው ዝግ ነው፤ ለዚያ ፓርቲ ያልተመዘገበ ዕጩዎቹን አይመርጥም። ሞንትጎመሪ ውስጥ ደግሞ የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ያሸነፈ ኖቬምበር ላይ ሲሸነፍ አይታይም፤ ዋናው ምርጫ ያለቀው እርስዎ ውጭ ቆመው ሳለ ነው። ስለዚህ ኩርፊያዎ ይገባናል፣ ግን ያስከፍልዎታል። ለፓርቲ መመዝገብ መዋጮም መሐላም የለውም፣ በኖቬምበርም የፈለጉትን ይመርጣሉ። መዝገብዎን የሚቀይሩት ግን ከምርጫው ሳምንታት ቀደም ብለው ነው፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው በምርጫው ቀን ሄዶ ፓርቲ መቀየር አይችልም።

ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ በፓርቲ አይመዘግቡም፤ በዕለቱ ከአንዱ ፓርቲ ዕጩዎች ብቻ ይመርጣሉ። ኮሎራዶ ያላችሁ ገለልተኞች የሁለቱም ወረቀት በፖስታ ይመጣላችኋል። አንዱን ብቻ መልሱ፤ ሁለቱንም የመለሰ ሰው አንዱም አይቆጠርለትም።

ጥያቄ፦ ለነጻነታችን የሚቆመው የትኛው ፓርቲ ነው? ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ስደዋወል የሚሰማን አለ? (ነርስ፣ ሲያትል)

መልስ፦ እንደ ፓርቲ አንዳቸውም። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ጥቃት በኋላ የወጣው፣ የመንግሥትን የክትትል ሥልጣን ያሰፋው ፓትሪዮት አክት በሴኔት 98 ለ 1 አለፈ፤ ብቸኛው ተቃዋሚ የዊስኮንሲኑ ዴሞክራት ረስ ፋይንጎልድ ነበር። በ2008 ለመንግሥት ክትትል የተባበሩ የስልክ ኩባንያዎችን ከክስ የሚያድን ሕግ ሲመጣ፣ አስቆመዋለሁ ብለው የነበሩት ሴናተር ኦባማ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። በጁላይ 2013 የስልክ መዝገብ በጅምላ መሰብሰብን ለማስቆም የቀረበው ማሻሻያ 205 ለ 217 ወደቀ፤ ከደገፉት 111ዱ ዴሞክራቶች፣ 94ቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ።

የስልክዎን ጉዳይ የሚመለከተው ፊሳ የተባለው የውጭ መረጃ ክትትል ሕግ አንቀጽ 702 ነው። ከ2008 ጀምሮ መንግሥት ውጭ አገር ያለ የውጭ ዜጋን ያለ ግለሰባዊ የፍርድ ቤት ማዘዣ መከታተል ይችላል። ዒላማው እርስዎ አይደሉም፤ ነገር ግን ዒላማ ከሆነ ሰው ጋር ከተጻጻፉ የእርስዎም ቃል አብሮ ይሰበሰባል። ከዚያ ኤፍቢአይ ያንን ክምችት በአሜሪካዊ ስም መፈለግ ይችላል። ለዚህ ፍለጋ ማዘዣ ይጠየቅ የሚል ማሻሻያ በኤፕሪል 2024 ቀረበ። ካቀረቡት መካከል የአሪዞናው ሪፐብሊካን አንዲ ቢግስና የእርስዎ የሲያትሏ ዴሞክራት ፕራሚላ ጃያፓል ነበሩ። ውጤቱ 212 ለ 212 ሆነ፤ እኩል ከወጣ ደግሞ ወደቀ ማለት ነው። ከደጋፊዎቹ 128ቱ ሪፐብሊካኖች፣ 84ቱ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ዴሞክራቱ ባይደን ያሉበት ዋይት ሃውስ ማሻሻያውን ተቃውሞ ነበር። የፓርቲ ስም ብቻ አይቶ ማን የት እንደቆመ መገመት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አናውቅም።

የራስዎን ተወካይ ለማወቅ ኮንግረስ ዶት ገቭ ላይ የሕጉን ቁጥር አስገብተው ማሻሻያዎቹን ይክፈቱ። የመጨረሻውን ድምፅ ብቻ አይዩ፤ ሕጉ ሊያልፍ እንደሆነ ሲታወቅ ተቃወምኩ ማለት ቀላል ነው። የተወካዩ አቋም የሚለየው በማሻሻያዎቹ ላይ ነው። «በድምፅ ጩኸት ጸደቀ» የሚል ካዩ ስም አልተመዘገበም፤ ቢሮው ደውለው እንዴት እንደመረጠ ይጠይቁ።

ለጥንቃቄ፦ ቴሌግራም ላይ የሚጻጻፉት ተራ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚለውን ለይተው መክፈት አለብዎ፣ ለቡድን ደግሞ ይህ አይሠራም። ሲግናል ሁሉንም ያመሰጥራል። ዋትሳፕም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን መጠባበቂያ ቅጂው ላይ ምስጠራውን ራስዎ ካላበሩት በዚያ በኩል ክፍት ይቀራል። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ከተጠለፈ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በ2014 «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የቀረበ አንድ የሜሪላንድ ነዋሪ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ፊንስፓይ የተባለ መሰለያ ከኢሜይል ጋር በመጣ የዎርድ ሰነድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶብኛል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሶ ነበር። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ የመንግሥት ያለመከሰስ መብት ይሸፍነዋል ብሎ ዘጋው። ከማያውቁት ሰው የመጣ ሰነድ አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ የዕቁብ ገንዘብ ደርሶኝ ለቤት መሥሪያ ወደ አዲስ አበባ በእጄ ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሃል ይሉኛል። ያለ ጥፋት እንዴት ይወሰዳል? (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ይወሰዳል። የአሜሪካ ሕግ ሰውየውን ሳይከስ ገንዘቡን ብቻ «ተከሳሽ» አድርጎ መውረስ ይፈቅዳል። ስለዚህ አስቀድመው ይዘጋጁ።

ይዞ መውጣት የሚከለክል ጣሪያ የለም፣ ቀረጥም የለበትም። ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን ፊንሰን 105 የተባለውን ቅጽ ሞልተው ለጉምሩክ ያስረክባሉ፤ በኢንተርኔት አስቀድሞ፣ ወይም ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ላይ ከመሳፈርዎ በፊት። ብር፣ ዩሮና ትራቬለርስ ቼክ አብረው ይደመራሉ። ለማምለጥ ብሎ ለሚስትና ለልጅ ማከፋፈል ራሱ ጥፋት ነው። ከባንክም ሪፖርት እንዳይደረግ 9,500፣ 9,500 እያሉ ማውጣት፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ወንጀል ነው። የዕቁብ ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው ይጠረጠራል፤ የአባላቱን ዝርዝር፣ የዕጣውን ቀንና መጠን የያዘ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት ወረቀት በእንግሊዝኛ ያሠሩ። ቦሌ ሲደርሱ የኢትዮጵያ ጉምሩክ የራሱ የማሳወቂያ ደንብ አለው።

ከወሰዱብዎ የመጀመሪያው ነገር ደረሰኝ መቀበል ነው። ገንዘቡን ትቻለሁ የሚል ወረቀት ቢሰጡዎ አይፈርሙ። መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ መላክ አለበት፤ ቤት ከቀየሩ አድራሻዎን ያሳውቁ፣ ብዙ ገንዘብ የሚቀረው ፖስታው ሳይከፈት ስለሚቀር ነው። በማስታወቂያው ላይ ምርጫ አለ። አቤቱታ ካቀረቡ (ጊዜው 30 ቀን ነው) የሚወስነው ገንዘቡን የወሰደው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። የይገባኛል ጥያቄ ካቀረቡ (35 ቀን) ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ካልከሰሰ ይመልሳል። ማስረጃዎ ጠንካራ ከሆነ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ከረቱ የጠበቃውን ወጪ መንግሥት ይከፍላል። ፊንሰን 105 ካልሞሉ ግን አቋምዎ ይደክማል፤ ያን ጊዜ አቤቱታው ሊሻል ይችላል።

ይህን አሠራር የሚገድብ ረቂቅ የሜሪላንዱ ዴሞክራት ጄሚ ራስኪንና የሚሺጋኑ ሪፐብሊካን ቲም ዋልበርግ አብረው አቅርበው በ2023 በፍትሕ ኮሚቴው ያለ አንድ ተቃውሞ አለፈ። ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ግን ሳይቀርብ ዘመኑ አለቀ። ሁለቱም ፓርቲ ደግፎት፣ ማንም ሳይቃወመው፣ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ሠራተኛዋ ለምርጫ ልመዝግብሽ አለችኝና እሺ አልኩ። የመራጭነት ካርዱ በፖስታ መጣ። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? (አትላንታ)

መልስ፦ እህታችን፣ በፍጹም እንዳትመርጪ። ከ1993ቱ ሕግ ወዲህ የመንጃ ፈቃድ ቢሮዎች ሁሉንም ይጠይቃሉ፤ ሠራተኛዋም ዜግነትሽን ላታይ ትችላለች። ዜጋ ነኝ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ ከሆነ ግን ለኢሚግሬሽን ይህ «ሐሰተኛ የዜግነት ማረጋገጫ» ነው፤ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፣ ይቅርታውም እጅግ ጠባብ ነው። በቅደም ተከተል፦ የሞላሽውን ቅጽ ቅጂ ጠይቂና ሳጥኑን እዪ፤ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ከመጻፍሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ፤ ከዚያ ምዝገባው በጽሑፍ እንዲሰረዝ አድርጊና ቅጂውን ያዢ። የዜግነት ማመልከቻው ኤን 400 «ተመዝግበሽ ወይም መርጠሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ይህ ወረቀት ያስፈልግሻል።

ዘመዶችሽ ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ካሉ ዜጋ ያልሆነ ሰው ለከተማው ምርጫ መምረጥ ይችላል። እዚያም ቢሆን የሚመዘገቡት በከተማው የራሱ ቅጽ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የፌዴራል ምርጫ ያለበትን ወረቀት ከሰጧቸው ሳይነኩ ይመልሱ።