ጠቅልዬ ልግባ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ውጭ አገር መኖር ከጀመርን አራት ዓመታችን ነው። ሁለት ወር አገር ቤት ከርመን ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። የ9 ዓመት ልጄ ማታ ከአያቷ ጋር በስልክ ካወራች በኋላ እያለቀሰች ትተኛለች። የ4 ዓመቱ ልጄ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል። ሻንጣዎቹን እንኳ አልፈታሁም። ባለቤቴ ግን «የለመዳችሁት ቤት አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ልጆቼን ይዤ ጠቅልዬ ብገባስ?

መልስ፦ ጠቅልሎ የመግባቱን ነገር ቢያንስ ሦስት ወር ያቆዩት። አሁን የናፈቀዎት አገር ቤት የእረፍቱ ነው፤ ሥራና ትምህርት የሌለበት፣ ልጅ የሚይዝ ዘመድ የሞላበት።

ባለቤትዎ የተመለሱት ወደሚጠብቃቸው ሥራና ባልደረባ ነው። እርስዎ የገቡት ግን ባዶ ቤት ነው፤ ስለዚህ መመለሱ ለሁለታችሁ አንድ አይደለም። ደግሞ የለመዱት ቦታም ዳግም መላመድ ይጠይቃል፤ ጆን እና ጂን ጋላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች ከውጭ ቆይተው ወደ ገዛ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች እንኳ እንደሚቸገሩ እ.ኤ.አ. በ1963 ጽፈዋል። «አትረዳኝም» ማለቱ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚያመጣው። ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር ይጠይቁ፤ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ማታ ልጆቹን እርሳቸው ያስተኙ።

ትልቁ ጥፋት ያለው የስልኩ ሰዓት ላይ ይመስለኛል። የደከመች ልጅ በመኝታ ሰዓት ከአያቷም ከእናቷም በአንዴ ትለያለች። ጥሪውን አይከልክሉ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ያድርጉት። የሰዓት ልዩነቱ ካላመቸ ለቅዳሜና እሁድ ቀን ያዛውሩት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ የምታሳያት ሥዕል ወይም ደብተር ይኑራት፤ ስልኩ ሲዘጋም ወዲያው የምትሠራው ነገር ይጠብቃት። አያትየውን ደግሞ «መቼ ነው የምትመጪልኝ?» እያሉ እንዳያለቅሱ ለብቻቸው ይንገሯቸው፤ ከባድ ነው፣ ግን ይረዱዎታል። እርስዎም «በቅርቡ እንሄዳለን» አይበሉ። ልጆች ቀን ይቆጥራሉ። ቀኑ ከተቆረጠ ይንገሯት፣ ካልተቆረጠ «ገና አልወሰንንም» ይበሏት።

ሰውነት የሰዓት ልዩነትን በግምት በቀን አንድ ሰዓት ስለሚለምድ፣ ልጆቹ እስካሁን የሚያመሹ ከሆነ ምክንያቱ ጉዞው ሳይሆን ልማድ ነው። ቅዳሜና እሁድም በትምህርት ቀን በሚነሱበት ሰዓት ይቀስቅሷቸው።

ትንሹን አይቆጡት፤ እህቱም እንዳትስቅበት። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ፣ ከአንሶላው ሥር ውኃ የማያሳልፍ ነገር ያንጥፉ። ሲሸና ካመመው፣ ውኃ ጥሙ ከበዛ ወይም ሆዱ ከደረቀ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ያሳዩት።

ሻንጣዎቹን ዛሬውኑ ከልጆቹ ጋር ፍቷቸው። መተላለፊያ ላይ የቆመ ሻንጣ ለልጅ «ልንሄድ ነው» ማለት ነው።

ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ወይም እርስዎን ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ሐዘን ከተጫነዎት፣ ሦስቱን ወር ሳይጠብቁ ባለሙያ ያነጋግሩ፤ በቋንቋዎ በቪዲዮ የሚያማክር ማግኘትም ይቻላል።