«ባዶ እጄን እንዴት ልደውል?» ለምትሉ አዲስ ተማሪዎች

ባለፈው ጥቅምት ለትምህርት የመጣ አንድ ልጅ ቤቴ ቡና ጠጣ። እናትህ እንዴት ናቸው አልኩት። «ደህና ናት መሰለኝ» አለኝ። መሰለኝ! መቼ ደወልክላት ስለው አንገቱን ደፋ። ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። «ሥራ እስካገኝ ብዬ ነው፣ ባዶ እጄን እንዴት ልደውል» አለኝ። ሁለተኛው እስኪቀዳ እንኳን አልታገስኩም፣ ጮህኩበት። ባለቤቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ልጁ አልተቀየመኝም፣ ግን የጮህኩት በእሱ ላይ ብቻ እንዳልነበር አላወቀም።

እኔ ጀርመን የመጣሁት በእኛ አቆጣጠር በ1997 ነው፣ ካሰል ከተማ ለመማር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አዲስ መጪ ተቀብያለሁ። ሁሉም ስለ ቪዛና ስለ ሥራ ይጠይቃል። ከቤት ጋር ስለ መገናኘት የሚጠይቅ የለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ስላለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልናገር። የምጽፈው ጀርመን ላላችሁት ነው፣ ሌላ አገር ያላችሁ የሚሆናችሁን ውሰዱ።

1. ወረቀት

ቤት በገባህ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻህን አስመዝግብ። ሲም ስታወጣ ፓስፖርትህን ያዝ። ስምህን በሁሉም ቦታ ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ጻፍ። ሌላውን ዩኒቨርሲቲው በኢሜይል ይነግርሃል፣ እሱም በሰጡህ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንጂ በጂሜይልህ አይደለም፤ በየቀኑ ክፈተው።

2. ፖስታ ሣጥንህ ላይ ስምህን ለጥፍ

ትስቃለህ፣ አውቃለሁ። እዚህ አገር አብዛኛው ሕንፃ ውስጥ በአድራሻ ላይ የሚጻፍ የክፍል ቁጥር የለም። ፖስተኛው የሚያየው ሣጥኑ ላይ ያለውን ስም ነው። ስምህ ከሌለ ደብዳቤው ወደ መጣበት ይመለሳል። የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ ባንክ፣ የጤና መድን፣ ሁሉም ዛሬም በወረቀት ይጽፋሉ፣ ቀነ ገደብ ቆርጠው ነው የሚጽፉት። ክፍሉን ከሌላ ተማሪ ተቀብለህ የምትኖር ከሆነ የራስህን ስም በወረቀት ጽፈህ በፕላስተር ለጥፍ። ቤት ስትቀይር ደግሞ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤህን ወደ አዲሱ አድራሻ እንዲያዞርልህ ከፍለህ ተመዝገብ። ገንዘቡ አይቆጭህ። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ወደ አገር ቤት ስትልክ ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ፖስተኛ በር አያንኳኳም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልግሃል። ቤተሰብህ ሣጥን ከሌላቸው የሚያውቁትን መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ጠይቅ፣ ከስሙ ሥር የተቀባዩን ስልክ ጨምር። ዋናውን ዲግሪህን በተራ ፖስታ እንዳታስልክ፤ በኢኤምኤስ፣ ማለትም በፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት፣ ይሁን ወይም በሚታመን መንገደኛ። መንገደኛ ካነሣን አይቀር፣ እናትህ ቋንጣና ንጥር ቅቤ እንዳትልክልህ ንገራት። የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፣ ያ ቅቤ ደግሞ ስንት እንደተገዛ ታውቃለህ። በርበሬና ሽሮ ይበቃሃል።

3. የአገር ቤት ሲምህን አትጣል

ጂሜይልህም ቴሌግራምህም የባንክህም መተግበሪያ ኮድ የሚልኩት ወደዚያ ቁጥር ነው። ረጅም ጊዜ ካርድ ካልሞላህበት መስመሩ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። አንድ የማውቀው ልጅ ቴሌግራሙ ውስጥ ሌላ ሰው መግባቱን ያወቀው እናቱ «ፎቶህን ለምን በሴት ቀየርከው?» ብላ ስትጠይቀው ነው። ከውጭ ሆነህም ካርድ መሙላት ይቻላል። ከመነሣትህ በፊት ደግሞ በሌላ መንገድ ኮድ የምትቀበልበትን ነገር አስተካክል።

4. ሰዓት

ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ጀርመን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በቀረው ጊዜ በሁለት። እናትህ «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደውል» ስትል በፈረንጅ 20 ሰዓት ማለቷ ነው፣ ላንተ እንደ ወቅቱ 19 ወይም 18 ነው። ከሥራ ወጥተህ እኩለ ሌሊት ላይ አትደውል። እዚያ ሌሊት ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ስልክ ከጮኸ የመርዶ ነው የሚመስላቸው።

5. ኢንተርኔት ሲጠፋ

ቴሌግራምና ኢሞ አለኝ ብለህ አትዘናጋ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልኩም ጭምር ነበር የተቋረጠው፣ እዚህ ያሉ ጓደኞቼ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁ አሉ። አማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ መደበኛ ስልክ የሚያስደውል አገልግሎት ላይ ሁልጊዜ አሥር ዩሮ ያህል ይኑርህ። ድሮ ስካይፕ ነበር፣ እሱም በፈረንጆቹ 2025 ተዘጋ። የእናትህን፣ የጎረቤቷን፣ ሌላ ከተማ ያለ አንድ ዘመድህን ቁጥር በወረቀት ጻፍ። በወረቀት ነው ያልኩት። ስልክህ የወደቀ ቀን ስንቱን ቁጥር በቃልህ ታውቃለህ?

6. ብር ሳትይዝ ደውል

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ባዶ እጄን አልደውልም የምትለው ይሉኝታ ይመስልሃል። እኔ ኩራት ነው የምለው። እናትህ አምስት ደቂቃ ድምፅህን ሰምታ ውላ ብታድር ደስተኛ ናት፣ አንተ ግን ዌስተርን ዩኒየን ካልቆምኩ ልጅ አይደለሁም ብለህ ወስነህባታል። ማን ጠየቀህ? እርግጥ የሚጠይቅ አይጠፋም። የአክስት ልጅ አይፎን ይላል፣ አጎት የመኪና ዕቃ ይላል። አውቃለሁ፣ ደርሶብኛል። ለእነሱ «ተማሪ ነኝ፣ የለኝም» ማለት ተማር። ለቪዛው ዝግ ሒሳብ ውስጥ የገባው ገንዘብ በየወሩ ተቆንጥሮ የሚሰጥህ ያንተው መኖሪያ መሆኑን በግልጽ ንገራቸው፣ እነሱ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው። ግን በእነሱ ሰበብ እናትህን አትቅጣ።

ደግሞ ፎቶዋን ላይክ ማድረግ መደወል አይደለም። «ሰላም ነው?» ብሎ መጻፍም ያው ነው፣ በተለይ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች። የድምፅ መልእክት ላክ፣ ዳታ ብዙ አይበላም፣ ደግመው ደጋግመው ይሰሙታል። ቀን ቁረጥ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ዓርብ ከስግደት በኋላ፣ የተመቸህን። የምትናገረው ከሌለህ የበላኸውን ንገራት፤ አንድ ሰዓት ታስወራሃለች። እንቁጣጣሽና ገና እዚህ ተራ የሥራ ቀን ስለሆኑ ይረሱሃል፣ ስልክህ ላይ አስመዝግባቸው።

7. የሚደብቁህ ነገር

ይኼኛውን በጥሞና አንብብ።

እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፣ ባሕር ማዶ ላለ ሰውማ ጭራሽ። ተማሪ ከሆንክ ደግሞ «ፈተናውን ይጨርስ» ይባላል። ከፍቅር ነው። ግን አንተ እየሳቅክ የምታወራበት ስልክ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቤቱ ተደፍቶ ሊሆን ይችላል። አባትህን ስትጠይቅ አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ወጣ ብሏል»፣ አንዴ «ጠበል ሄዷል» ካሉህ በአራተኛው ዝም አትበል። በቪዲዮ አሳዩኝ በል። ከመምጣትህ በፊትም ከወንድም ከእህት አንዱን ምረጥና ቃል አስገባ፦ ታማሚም ቢሆን፣ ከዚያም የባሰ ቢመጣ፣ አንተ ትነግረኛለህ፣ በዚያው ቀን። ያ ሰው ሌላው ሁሉ «ሰላም ነው» ሲል እውነቱን የሚነግርህ ነው። አንድ ልጅ የአያቱን ሞት ባቡር ውስጥ ከፌስቡክ ነው ያነበበው፣ የሰፈር ሰው ፎቶዋን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ። ሽማግሌዎቹ ሊያረዱት ቀን ቆርጠው ነበር።

እኔስ? ዕቃ የማጥብበትን ሥራ በ1997 ሰኔ ላይ አጣሁ። ሐምሌ ላይ ርካሽ ክፍል ከአንድ የካሜሩን ልጅ ተቀበልኩ፣ አዲሱን አድራሻ ለአባቴ ጻፍኩለት፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልደውል? ለመስቀል ሕሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ኮል ሾፕ፣ ከፍለህ ወደ ውጭ የምትደውልበት ሱቅ፣ ሄድኩ። ደሴ ያለው የቤታችን ስልክ አልገባም አለ። ሁለቴ ሞከርኩ። መስመሩ ተበላሽቷል አልኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለለኝ። መስከረም 1998 ላይ የአገሪቱ ስልክ ቁጥር በሙሉ አሃዝ ተጨምሮበት ተቀይሮ ነበር፣ የደሴው 03 ወደ 033። ማንንም ሐበሻ ብጠይቅ በአንድ ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

አባቴ የታመመው ኅዳር ላይ ነው። ያረፈው ጥር። እኔ የካቲት መጨረሻ ላይ የመጨረሻውን ፈተና ጨረስኩ፣ በማግሥቱ እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሐበሾች ከፍራንክፈርት በሌሊት ነድተው ነው የመጡት። ነጠላቸውን ሳይ ገባኝ፣ ማን መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር። ቆሜ ማን ነው ማን ነው እላለሁ።

አገር ቤት የገባሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እህቴ አንድ ፖስታ ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። የአባቴ ጽሑፍ ነው፣ ጥቅምት 1998 የተጻፈ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ከናፍቆትህ በስተቀር እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ ስልኩ መቀየሩን ይነግረኛል። የሒሳብ መምህር ስለነበር አዲሱን ቁጥር ከ251 ጀምሮ በአሃዝ ጽፎ፣ እንዳልሳሳት ከሥሩ በፊደል ደግሞታል። ብር አላለኝም። ካሰል ያለው ሣጥን ላይ የነበረው የካሜሩኑ ልጅ ስም ብቻ ነው። ደብዳቤው ወደ ትምህርት ቤቱ ሣጥን የተመለሰው ከአርባው በኋላ ነው፣ የጀርመን ፖስታ ትንሽ ወረቀት ለጥፎበት። ተቀባዩ አይታወቅም ይላል።